አህዪት፣ ዘበኛዋና የአንበሳው ፍላሽ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ በየቤታቸው ኮምፒውተር ማስገባት በጀመሩበት ዘመን፣ ከወንዙ ማዶ ብቻዋን የምትኖር አንዲት አህያ ነበረች። ጎረቤቶቿ እመት አህዪት ይሏታል። ኮምፒውተሯ አሮጌ ነው፤ ሲነሳ ያጓራል፣ ሲሞቀው ደግሞ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። እሷ ግን ከቤቱ ዕቃ ሁሉ አስበልጣ ትወደዋለች፤ የሟች እናቷ ድምፅ ያለው እዚያ ውስጥ ነዋ። እናቷ ከመሞቷ በፊት ልጆቿን ታስተኛበት የነበረውን እሹሩሩ አዚማ አስቀርታላት ነበር። እመት አህዪት አሁን እርጉዝ ናት። የምትወልደው ውርንጭላ አያቱን በዓይኑ ባያያት እንኳ ድምፅዋን እየሰማ እንዲተኛ ትፈልጋለች። የድምፁ ሌላ ቅጂ የላትም። ነገ እቀዳዋለሁ እያለች ስንት ነገ አልፏል።

አንድ ቀን ዝንጀሮ ፊልም ከሚቀዳበት ቤት ሄዳ ፍላሽ አስሞልታ መጣች። ፍላሹን ከመሰካቷ ፎልደሮቿ ሁሉ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ምልክቶች ሆነው ቁጭ አሉ፤ ብትነካቸው፣ ብትነካካቸው አይከፈቱም። ዝንጀሮ ተጠርቶ መጣና ሲጎረጉር ውሎ እንደምንም መለሰላት። የእናቷም ድምፅ ተረፈ።

«ቫይረስ ነው» አላት ዝንጀሮ። «በሚቀጥለው ጊዜ ላይተርፍልሽ ይችላል። አንቲቫይረስ ፈልጊ።»

ቫይረሱ የመጣው ከእሱው ቤት መሆኑን ግን አላነሳም። እሷም አላነሳችበትም። ለሰው ፊት ለፊት መናገር ሞቷ ነው። የታመመውን ፍላሽ በጨርቅ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ሌላ ቢሆን ይጥለው ነበር፤ አህያ ግን ዕቃ መጣል አይሆንላትም።

አንቲቫይረስ እንደምትፈልግ ወሬው ሲዳረስ ቀድሞ የደረሰው ጅብ ነበር። በሩን አንኳኳ።

«እመት አህዪት፣ ለኮምፒውተርሽ ዘበኛ ትፈልጊያለሽ አሉ። የእኔን የሚያመልጠው የለም። ክፈችልኝና ገብቼ ላሳይሽ።»

«አያ ጅቦ፣ በመስኮት አቀብለኝ።»

«ገብቼ ባሳይሽ ይሻል ነበር። ደግሞ ሰውነትሽ እንዴት አምሯል በይ፣ ወፍረሻል ልበል?»

«በመስኮት» አለች አህዪት።

በመስኮት አቀበላት።

እመት አህዪት አንድ ልማድ አላት። ጭነት ሲጫንባት ጥቂት እርምጃ ትሄድና ቆም ብላ ትነቀነቃለች፤ የሚወድቅ ነገር ካለ መንገድ ላይ ሳይሆን እዚያው ደጃፍ ላይ ይውደቅ ባይ ናት። አንቲቫይረሱንም እንደ ጭነት ልትነቀንቀው አሰበች። ለዚህ ብላ ጥንቸል የሰለቻትን አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ለምና አመጣች። የእናቷ ድምፅ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ሙከራ የሚባል ነገር አታደርግም። በዚያ ባረጀው ላይ ቢጠፉ የማይቆጯትን የገብስ ማሳ ፎቶዎችና ጥቂት ዘፈኖች ጫነችበት፤ ያንን የታመመ ፍላሽም ከጨርቁ ፈታችው። ከመጠቅለያው ያልወጣ አዲስ ፍላሽም አዘጋጀች። ሐሳቧ ቀላል ነው፤ ዘበኛ የተባለ ሌባውን መያዝ አለበት፣ ንጹሑን መተው አለበት፣ የቤቱንም ሰው መንገድ መዝጋት የለበትም።

የጅቡን ዘበኛ ከፈተችው። ዘበኛው ሥራ ሲጀምር ኮምፒውተሩ ተንፏቀቀ። አንድ ዘፈን እስኪከፈት እመት አህዪት አንድ ቁና ገብስ በልታ ጨረሰች። ዘበኛው ፋይል ያይና ይጠረጥራል፤ የጠረጠረውን ይበላል። የገብሱን ፎቶ በላ፣ ዘፈኖቹን በላ፣ ሰዓት የሚያሳየውን ሳይቀር በላ። ሁሉን በልቶ ሲጨርስ ኮምፒውተሩ ውስጥ የቀረው ከታመመው ፍላሽ የገባው ቫይረስ ብቻ ነበር።

ጅብ መስኮቱ ሥር ተጋድሞ ይጠብቃል።

«በላ?» አላት።

«በላ። ፎቶዎቼን በላ፣ ዘፈኖቼን በላ። ቫይረሱን ግን አልነካውም።»

ጅብ አሰበ። ማሰብ ስለማይሆንለት ብዙ ቆየ።

«ታዲያ ቤቱ ውስጥ ምንም ካልቀረ ቫይረሱ ምን ያገኛል?»

ይህን ያለው ከልቡ ነው። እመት አህዪት መስኮቱን ዘጋች።

ቀጥሎ ቀበሮ መጣ። ቀበሮ አያንኳኳም፤ ከሩቅ ጉሮሮውን ያጠራል።

«እህት ዓለም፣ የእኔ ዘበኛ በነጻ ነው። ቢመረምርልሽ አትከፍይኝም፣ አላስከፍልሽም። ቫይረስ ካገኘ ብቻ ለማጽጃው አንድ ዶሮ ትፈልጊልኛለሽ።»

«እኔ ዶሮ አላረባም።»

«ጎረቤትሽ ታረባለች» አለ ቀበሮ በትሕትና።

አህዪት ያረጀውን ኮምፒውተር ጠርጋ የቀበሮን ዘበኛ ከፈተችበትና አዲሱን ፍላሽ ከመጠቅለያው አውጥታ ሰካችው። ስክሪኑ ቀይ ሆነ። የአደጋ ድምፅ ጮኸ። «ሠላሳ ቫይረስ ተገኝቷል» የሚል ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር።

«ሠላሳ!» አለ ቀበሮ ራሱን እየነቀነቀ። «ደግነቱ በጊዜ ደረስኩልሽ።»

«ቀበሮ፣ ይህ ፍላሽ ባዶ ነው። አሁን እያየኸኝ ነው ከመጠቅለያው ያወጣሁት።»

«የዘንድሮ ቫይረስ ባዶ ቦታ ይወዳል።»

አህዪት ፍላሹን ነቀለችና ምንም ሳትሰካ ደግማ አስመረመረች። አሁንም ሠላሳ አለ። ከዚያ የታመመውን ፍላሽ ሰካች። ያው ሠላሳ። ዘበኛው የሚያውቀው ቁጥር እሱን ብቻ ነው።

ቀበሮ ቢጋለጥም አላፈረም፤ ማፈር ለሥራው አይመችም። «አንቺ ጥያቄ ታበዣለሽ» ብሎ ዕቃውን ሰበሰበና በቀጥታ ወደ ጥንቸል ቤት አመራ። እመት አህዪት ሄጄ ጥንቸልን ላስጠንቅቃት ወይስ ይቅር ስትል ዋለች። በኋላ «የሰው እንጀራ ዘጋች እንዳልባል» አለችና ዝም አለች።

በመጨረሻ የመጣው ጃርት ነው። ጃርት ፊቱ አይፈታም፣ ሸቀጡንም አያሞግስም።

«የእኔ ዘበኛ ሁሉን አይዝም» አላት ገና ከመቀመጡ። «ሁሉን እይዛለሁ ያለሽ ካለ ዋሽቶሻል። በየቀኑ አፕዴት አድርጊው። ቫይረስ በየቀኑ አዲስ ይፈለፈላል፤ ትምህርቱን ያቆመ ዘበኛ የሚያውቀው ያረጁ ሌቦችን ብቻ ነው።»

«ሌላስ?»

«ሲነግርሽ ስሚው። ያለ ምክንያት አይጮህም። ግን አለቃው አይደለም፤ ‹ይለፍ› ካልሽው ያሳልፋል። ቤቱ ያንቺ ነው።»

አህዪት ያረጀውን ኮምፒውተር ዳግም ጠርጋ አዲሱን ፍላሽ ሰካች፤ የጃርት ዘበኛ ዝም አለ። እንደገና የጫነቻቸውን ፎቶዎች አስመረመረች፤ አንዱንም አልነካባትም። ዘፈኑ ወዲያው ተከፈተ። የታመመውን ፍላሽ ስትሰካ ስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሽ ቢጫ ሳጥን ብቅ አለች። «ይህ ፍላሽ ታሟል። ልያዘው ወይስ ይለፍ?» ትላለች። አህዪት «ያዘው» አለች። ያዘው።

ነቀነቀችው፣ ምንም አልወደቀም። ደስ አላት። የጃርትን ዘበኛ በራሷ ኮምፒውተር ላይ ጫነች፣ በየጠዋቱም ሳታሰልስ አፕዴት ታደርገዋለች። ማታ ማታ የእናቷን ድምፅ ከፍታ በሆዷ ላለው ታሰማዋለች። ቅጂውን ግን አሁንም አልቀዳችም፤ እንዲህ ያለ ዘበኛ እያለኝ ምን አስቸኮለኝ አለች።

በዚያ አገር አንድ ወግ አለ። ልጅ የዳረ ሁሉ የሰርጉን ፊልም በፍላሽ ይዞ ቤት ለቤት ይዞራል፤ ጎረቤት ደግሞ ከሙሽራው አለባበስ እስከ መጨረሻው ጭፈራ ቁጭ ብሎ ያያል። አላይም ማለት ልጅህ አላማረችም እንደ ማለት ይቆጠራል። አንበሳ ያን ሰሞን ልጁን ድሮ ነበርና ፍላሹን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መዞር ያዘ። ፊልሙን ያቀናበረለት ያው ዝንጀሮ ነው።

እመት አህዪት ቤት ሲመጣ ጅብና ቀበሮ ተከትለውታል። ጅብ የመጣው ፊልሙ ላይ ድግሱን ለማየት ነው። አህዪት ለአንበሳ ምቹውን መቀመጫ ሰጠችና ፍላሹን በሁለት እጇ ተቀብላ ሰካችው።

ቢጫዋ ሳጥን ብቅ አለች። «ይህ ፍላሽ ታሟል። ልያዘው ወይስ ይለፍ?»

«ምን ይላል?» አለ ጅብ፤ ማንበብ አይችልም።

ቀበሮ አነበበና ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር።

«ምነው ቆመ?» አለ አንበሳ። ዓይኑ ስለደከመ ከርቀት የሚያየው ቢጫ ነገር ብቻ ነው።

የአህዪት ጆሮዎች ተንጠለጠሉ። ሳጥኗ እውነቱን እንደምትናገር ታውቃለች፤ ራሷ ፈትናታለች። የእናቷ ድምፅ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ እንዳለም አልረሳችውም። ግን አንበሳን በልጁ ሰርግ፣ በባለሟሎቹ ፊት፣ «ያመጡት ነገር በሽተኛ ነው» ብላ እንዴት ትበለው? ከዚያስ በኋላ በየት በኩል ዓይኑን ታየዋለች?

«ምንም አይደለም አያ አንበሶ» አለች። «ዘበኛዬ ገና እንግዳ አልለመደም።»

«ይለፍ» የሚለውን ነካች።

ፊልሙ ተጀመረ። ሙሽራዋ አምራለች። አንበሳ ልጁ ከቤት ስትወጣ የሚታይበት ቦታ ላይ ሲደርስ አለቀሰ፤ አህዪትም አብራው አለቀሰች። ጅብ ሥጋው የሚቆረጥበትን ቦታ እንዲደገምለት ለመነ። ሁሉም ደስ ብሎት ተለያየ።

በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተሯን ስትከፍት ፎልደሮቿ ላይ ያ ትንሽ ቀስት ተመልሶ መጥቷል። የእናቷን ድምፅ ነካችው። አልከፈት አለ። ዝንጀሮ መጥቶ ጎረጎረ፣ ጃርትም መጥቶ ሞከረ። በዚህኛው ጊዜ አልተረፈም።

«ዘበኛው ዝም አለ እንዴ?» አላት ጃርት።

«ነግሮኝ ነበር።»

«ታዲያ?»

«አያ አንበሶ ነበሩ።»

ጃርት ትንሽ አጠገቧ ተቀመጠና ወደ ቤቱ ሄደ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አንበሳ ተመልሶ መጣ። አሁን የሚከተለው የለም፣ ጎፈሩም አልተበጠረም።

«እመት አህዪት፣ የልጄ ፊልም ጠፋብኝ። ከፍላሹም ጠፋ፣ ከቤቴ ኮምፒውተርም ጠፋ፤ ዝንጀሮም ቅጂ አላስቀረም። ምናልባት ካንቺ ዘንድ ቀርቶ እንደሆነ ብዬ ነው።»

«የለም፣ አያ አንበሶ። የእኔም ጠፍቷል» አለች። ከዚያ በላይ መደበቅ አቃታት። «ፍላሽዎ ታሞ ነበር።»

«በምን አወቅሽ?»

«ዘበኛዬ ነግሮኝ ነበር። እርስዎ እዚያ ተቀምጠው ሳለ።»

«ያቺ ቢጫ ነገር?» አለ አንበሳ። «ሚዳቋ ቤትም አይቻታለሁ። ከርከሮ ቤትም። ምንድን ናት ብል ሁሉም ምንም አይደለም አሉኝ። ጥንቸል ቤት ደግሞ ቀይ ነበር፤ ‹የእኛ ሁልጊዜ ቀይ ነው፣ ለምደነዋል› አለችኝ።» ተነፈሰ። «የመጀመሪያዋ ሚዳቋ ነበረች። እሷ ብትነግረኝ ወደ ቤቴ ተመልሼ አሳክመው ነበር። የልጄም ይተርፍ ነበር፣ ያንቺም ይተርፍ ነበር። እኔ እንዲህ አስፈራለሁ ማለት ነው?»

«አልፈራሁዎትም፣ አያ አንበሶ» አለች አህዪት። «አፈርኩ እንጂ።»

አንበሳ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

ክረምት ሲገባ እመት አህዪት ውርንጭላዋን ወለደች። ማታ ማታ እሹሩሩውን በራሷ ድምፅ ታዜምለታለች። መካከሉ ላይ እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምታዞረው አንድ ቦታ ነበር። እዚያ ስትደርስ ዜማው ይጠፋባትና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ውርንጭላው ዜማው እንደዚያ የሆነ ይመስለዋል።

ከዚህ የምንማረው ዘበኛ ከመምረጣችን በፊት የቱንም ያህል ብንፈትነው፣ እውነቱን በነገረን ሰዓት ለይሉኝታ ብለን ዝም ካሰኘነው ለእኛም ሆነ ላፈርነው እንግዳ እንደማይጠቅም ነው።