የጋሪ ነጂው ሟርት

በአንድ ከተማ እስከ ፋሲካ ድረስ ሊጉን ሲመራ የከረመ የእግር ኳስ ቡድን ነበር። ከፋሲካ በኋላ ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ በተጫወተ ቁጥር ይሸነፍ ጀመር። የመጨረሻው ጨዋታ ሲቃረብ ዋንጫው ከእጁ ሊያመልጥ ደረሰ።

ከደጋፊዎቹ መካከል ምላሱ የማያርፍ አንድ ጋሪ ነጂ ነበር። «አጥቂያችን ሲሮጥ ከብት የጠፋበት ይመስላል። በረኛችን ደግሞ የሠርግ ቤት አስተናጋጅ ነው፤ የመጣውን ሁሉ ያስገባል። ዛሬም እንሸነፋለን» ይላል። እንዳለውም ይሆናል።

የክለቡ ፕሬዚዳንት አቶ ጓንጉል በዚህ አንጀታቸው አረረ። ደጋፊውን በሙሉ አዳራሽ ሰበሰቡና ጋሪ ነጂውን ከፊት አቆሙት።

«ተጫዋቾቼ እንከን የላቸውም፤ እኔም ሥራዬን ሠርቻለሁ» አሉ። «ቡድኑን የጣለው የዚህ ሰውዬ ሟርት ነው! ይሸነፋል ባለ ቁጥር ተሸነፍን። ስማ አንተ! ወይ ‹ያስበላኋችሁ እኔ ነኝ› ብለህ ተጫዋቾቹ እግር ላይ ውደቅ፣ ወይ ደግሞ ከእንግዲህ ስታዲየም ድርሽ እንዳትል!»

ጋሪ ነጂው ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

«ጌታዬ፣ ቡድኑ ይሸነፋል ማለት የጀመርኩት ገና ከፋሲካ ወዲህ ነው። እርስዎ ከወንበርዎ ይነሳሉ ማለት ከጀመርኩ ግን ስንት ዓመቴ! ሟርቴ የሚደርስ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የሚቆጣኝ ሌላ ፕሬዚዳንት ነበር።»