የስድስት ወር ቅድሚያ

እናቱ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የኖረ አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ሠራተኛ፣ ራሱን ችሎ ሊወጣ ቆረጠ። ዓመት ሙሉ ቆጠበና የቤት ኪራይ፣ አልጋ፣ ምድጃ፣ ሁለት ወንበር ብሎ በጀቱን በወረቀት ጻፈ። በጀቱ እጅግ ስላስደሰተው በአራት ኮፒ አባዛው።

የሚከራየው ክፍል የእትዬ ወርቅያንሷል ነበር። እትዬ ተከራይ ሲመጣ በረንዳቸው ላይ ተሰይመው እንደ ዳኛ የሚመረምሩ ሴት ናቸው። ከእግሩ እስከ ራሱ አዩትና፣

“የስድስት ወር ቅድሚያ ትከፍላለህ። እንግዳ ማስገባት የለም፤ ወጥ መሥራት የለም፤ ግድግዳዬ ላይ ሚስማር መምታት የለም። አንዱን ስታፈርስ ካገኘሁህ ሰባራ ሳንቲም ሳልመልስ አስወጣሃለሁ። ትችላለህ?” አሉት።

ሰውየው ወረቀቱን አወጣ። ወንበሮቹን ሰረዘ፤ ምድጃውን ሰረዘ፤ ትንሽ አመነታና አልጋውንም ሰረዘው።

“እችላለሁ እንጂ፣ እትዬ! የስድስት ወር ከከፈልኩ በኋላ ሕግዎን የማፈርስበት አቅም ከየት አመጣለሁ? እንግዳ ቢመጣ መቀመጫ የለኝም። ወጥ እንዳልሠራ ሽንኩርት መግዣ አይተርፈኝም። ሚስማር ላይ የምሰቅለው ልብስም ቢሆን ያው ለብሼው መጥቻለሁ። የሚያሰጋኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።”

“ምን?”

“ምሳ ሲሠሩ እባክዎ መስኮትዎን ይዝጉልኝ። የወጥዎ ሽታ ክፍሌ የገባ ቀን፣ ‘ወጥም ሠራህ፣ እንግዳም አስገባህ’ ብለው እንዳያስወጡኝ።”