ከአለቱ በስተጀርባ

አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ወደብ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። ይህ ሰው አንድ አመል ነበረው። ከአስፋልቱ የምትገነጠል ቀጭን መንገድ ባየ ቁጥር ዓይኑ ይከተላታል። ከዚያ ግራር ጀርባ ወዴት ትገባ ይሆን? ማን ይኖርባታል? ይህን እያለ ያልፋል። ማለፍ ብቻ። ጭነት ይዟላ!

ጡረታ በወጣ ጊዜ ባሕር ማዶ የምትሠራው ልጁ ለእርሱና ለሚስቱ ለወይዘሮ ትርንጎ ስጦታ አዘጋጀችላቸው። በሕንድ ውቅያኖስ ሞቃት ደሴቶች መካከል እየተዘዋወሩ የሚሰነብቱባት፣ ከነካፒቴኗ የተከራየች ባለ ሸራ ጀልባ። እስቲ አስቡት፤ ጭነት የለ፣ ኬላ የለ።

«እንግዲህ ዘንድሮ ሳትገባበት የምታልፈው ጥግ አይኖርም» አለችው ትርንጎ።

ካፒቴኑ ማርሴል የሚባል የዚያው አገር ሰው ነው፤ ቃል የማያባክን። በመጀመሪያው ጠዋት ሹፌሩ ከባሕሩ መካከል የቆመ ጥቁር አለት አየ። ነጫጭ ወፎች ወደዚያ እየበረሩ ከጀርባው ይሰወራሉ። ምን አለ እዚያ? አንገቱን ሲያሰግግ ማርሴል አየውና «ጎብኚ የማይደርስበት ሥፍራ ነው። ልውሰዳችሁ?» አለው።

የሹፌሩ ልብ ዘለለች። አፉስ ምን አለ? ወደብ ላይ በለመዳት ስብርባሪ እንግሊዝኛ፣ «ኧረ ግድ የለም፣ አትቸገር» አለ።

ለምን? እናንተማ ታውቁታላችሁ። ሰው ቤት ገብታችሁ «ብሉ» ስትባሉ ምን ትላላችሁ? ሆዳችሁ እየጮኸ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ትላላችሁ። ባለቤቱ «በሞቴ» ይላል፤ ትግደረደራላችሁ። ደግሞ ይለምናል፤ ያኔ ተነሥታችሁ እጃችሁን ትታጠባላችሁ። ሹፌሩም ሁለተኛውን ልመና እየጠበቀ ነበር።

ማርሴል ግን ራሱን ነቀነቀና ጀልባዋን ሰው ወደሚርመሰመስበት የባሕር ዳርቻ አዞራት።

በማግስቱ ደግሞ ሌላ ነገር ነገራቸው። አንዲት ትንሽ ደሴት አለች፤ ባሕሩ ሲሸሽ ከዳርቻዋ አሸዋ ውስጥ የሚጠጣ ውሃ ይፈልቃል። እንሂድ ወይ አላቸው። በጨው ባሕር አፍ ላይ የሚጠጣ ምንጭ! ሹፌሩ በአፋር በረሃ መኪናው ተበላሽቶበት ውሃ ጥም ምን እንደሆነ ያየ ሰው ነው። ሊቀምሳት ጓጓ። ሆኖም «አይ፣ አንተም ድካም አለብህ» አለ። ማርሴል አመሰገነውና ሸራውን አጥፎ ጥላው ሥር ጋደም አለ።

ትርንጎ ባሏን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። «አንተ ሰውዬ፣ ሠርግ ቤት የተጠራህ መሰለህ እንዴ? እዚህ ማንም አይለምንህም።»

«ቆይ እስቲ፣ ነገ ይጠይቀን የለ?»

በነጋታው ማርሴል አልጠየቀም። ከዚያም ወዲያ አልጠየቀም። ሁሉም ጀልባ የሚቆምበት እየቆሙ፣ ሁሉም ሰው ፎቶ የሚነሣበት እየተነሡ ሰነበቱ። ማታ ማታ ወፎቹ ወደ አለቱ ይበራሉ። ሹፌሩ እያየ እንደገና ያቺ አስፋልት ላይ ሆነ፤ ማለፍ ብቻ።

በመጨረሻው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ጀልባዋን ሊያስረክቡ፣ ሹፌሩ በጠዋት ተነሥቶ ወደ መሪው ሄደ።

«ካፒቴን» አለ፣ «ያን ቀን ግድ የለም ያልኩህ ውሸቴን ነው። ውሰደን።»

ማርሴል ባሕሩን አየ። ያን ቀን ጨረቃ ሙሉ ሆና ውሃው ከፍ ብሎ ስለነበር ጀልባዋ እንዳለች ትገባ እንደነበር፣ አሁን ግን ወደ አለቱ ጀርባ የሚያስገባው ውሃ እንደጎደለ ነገራቸው። አለቱ አጠገብ ሲደርሱም ታናሿን የመቅዘፊያ ጀልባ አወረደላቸው። ሦስቱም እስከ ወገባቸው እየተነከሩ በድንጋዮቹ መካከል ገፏት። ትርንጎ ቀሚሷን ሰብስባ እየሳቀች ነበር።

ውስጡ ምን ነበር? ሞገድ የማይነካው አረንጓዴ ውሃ፤ ዙሪያውን ዛፍ። ወፎቹም ጎጆ አልነበራቸውም። እያንዳንዷ አንድ እንቁላሏን በባዶ ቅርንጫፍ ላይ አስቀምጣ ታቅፋለች። ሹፌሩ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ቆመ። «ነፋስ ሲመጣስ?» አለ በሹክሹክታ። ማርሴል ትከሻውን ነቀነቀ፤ ወፊቱ ግን ይኸው እንደታቀፈች ናት።

ትርንጎ ነገር አትተውምና ለምን ዳግመኛ እንዳልጠየቃቸው ማርሴልን በባሏ አስጠየቀችው።

«ጠየቅኳችሁ፤ አይሆንም አላችሁ» አለ ማርሴል። «ሰውን ከገዛ ቃሉ ላይ መጎተት በእኛ ዘንድ ነውር ነው።»

ይህችን ለሚስቱ መተርጎም ሹፌሩን ከበደው።

ምንጯስ? ጊዜው አለቀ፤ ጀልባዋን ሌሎች እንግዶች ይጠብቋታል። ያቺን ውሃ ሹፌሩ እስከ ዛሬ አልቀመሳትም።

ወገኖቼ፣ እናንተስ በስንቱ መገንጠያ አለፋችሁ? እግዚአብሔር በልባችሁ «ና፣ የማታውቀውን ላሳይህ» ሲል ስንቴ «ግድ የለም» አላችሁ? ጠልታችሁ አይደለም። ወድዳችሁ፣ ጓጉታችሁ፣ እስክትለመኑ ነው። እርሱ መለመኑንስ ለምኗል፤ ሞቶ ለምኗል። ከዚያ በላይ ምን ትጠብቃላችሁ?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ የተቀያየማችሁት ጎረቤት በሩ ላይ ቆሞ «ግቡ» ቢላችሁ፣ አትግደርደሩ። ግቡ። ልባችሁ «ጸልዩ» ቢላችሁ፣ ለነገ አታሳድሩት። ዘግይታችሁ ከሆነም ምሕረቱ ታናሽ ጀልባ አያጣም፤ እየተነከራችሁም ቢሆን ግቡ።

የምንጯ ውሃ ምን ምን ይል ይሆን እያለ የሚያረጅ አንድ ሹፌር ይበቃናል።