የፊታውራሪ ዘለለው ዘመድ

ፊታውራሪ ዘለለው ዘራቸውን ሲቆጥሩ ውለው ቢያድሩ የማይሰለቻቸው ሰው ነበሩ። ልጃቸውን አንድ ምላሱ የሰላ የገበሬ ልጅ ወደዳትና ሽማግሌ ላከ።

«ሥራው ምንድን ነው?» አሉ ፊታውራሪ፣ ሽማግሌዎቹን እንዳቆሙ።

«ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ እየተማረ ነው። ሲጨርስ ቢሻው መምህር፣ ቢሻው የላቦራቶሪ ሰው፣ ቢሻው የወባ ተመራማሪ ይሆናል።»

«እንቁራሪት ሲቀድ የሚውለው ነዋ! በሉ ጥሩት። ዝምድና እንዳይኖረን እስከ ሰባት ቤት ዘሩን ይቁጠርልኝ። ካልቻለ ልጄን ይርሳት።»

የገበሬ ልጅ ሦስተኛው አያቱ ላይ ይንተባተባል ብለው ነው። ልጁ መጣና እጅ ነሣ።

«ሰባት ብቻ ነው ጌታዬ?»

«ካወቅህ ጨምርበት!»

«የምማረው እሱኑ አይደል! የእርስዎንም ጭምር ቆጥሬ መጥቻለሁ። ወደ ላይ ብሄድ ብሄድ የሁለታችንም ዘር አንድ ዓሣ ላይ ገጠመ። ለካ ዘመዳሞች ነን!»

ፊታውራሪ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑ።

«አይደንግጡ ጌታዬ» አለ ልጁ፣ «ዓሣው ከሰባት ቤት እጅግ ይርቃል። ጋብቻውን አይከለክልም።»