ሚዶ ሰበር

ከቆላ አምባ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ከብት ከሚጠጣበት ኩሬ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ከአለት ሥር የምትፈልቅ ምንጭ አለች፤ ሚዶ ሰበር ትባላለች። በዙሪያዋ የተሰባበረ የእንጨት ሚዶ ተከምሮ ያየ እንግዳ ሁሉ ምንድን ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያገሩ ሽማግሌዎች ታሪኩን ለስለስ አድርገው ያወሩታል፤ እኔ ግን ለስለስ ማድረጉን አልችልበትም።

እንደሚነገረው፣ በጥንት ጊዜ የቆላ አምባ ሙሽራ ሹሩባ የምትሠራው በአማቷ እጅ ነበር፤ ሹሩባው እስከ ሰባተኛው ቀን ሳይላላ ከቆየ ትዳሩ ይጸናል፣ ከላላ ግን ልጅቱ ቤት አትይዝም ተብላ ወደ አባቷ ትመለስ ነበር። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም። ማንም ያውጣው፣ አንድ ቀን እንኳ ጸጉሩን ተሠርቶ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት።

አንጓች የምትባል ልጅ ለቢያድግልኝ ተዳረች። ጸጉሯ ሉጫም አይደል፣ ከርዳዳም አይደል፤ እየታጠፈ፣ እየተጠቀለለ እስከ ወገቧ የሚወርድ ነበር ይባላል። እናቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ደረቅ ሳለ ሚዶ አስነክታው አታውቅም፤ በውሃ አርሳ፣ በጣቷ ከጫፉ ወደ ላይ እየፈታች፣ ለጋ ቅቤ በአደስ ቀብታ ትተወዋለች እንጂ። እንዲህ ያለ ጸጉር የቱንም ያህል አጥብቀው ቢሠሩት ውሎ አድሮ መንሸራተቱ አይቀርም፤ ፈጣሪ እንዲያ አድርጎ ከፈጠረው ሙሽራዋ ምን ታድርግ?

በሦስተኛው ቀን ሹሩባው ላላ። አማቷን ሽማግሌዎቹ «ወይዘሮ ደብሪቱ» ይሏታል፤ እኔ አንቱታው አይወጣልኝም። ደብሪቱ ልጅቱን በሠርገኛው ፊት በርጩማ ላይ አስቀምጣ፣ ሹሩባውን አፍርሳ፣ ደረቁን ጸጉር ከሥሩ በሚዶ ትጎትተው ጀመር።

«ኧረ እመይቴ፣ እባክዎ በውሃ ይራስልኝ» አለች አንጓች።

«ጸጉርሽም እንዳንቺው እምቢተኛ ነው፤ ይገራል!»

ጸጉሩ በጭብጥ በጭብጥ እየተነቀለ ወደቀ፤ የሚዶው ጥርስም ተሰብሮ እራሷ ላይ ቀረ። በዚህ ጊዜ ደብሪቱ «ምላጭ አምጡ! ተላጭታ ወደ አባቷ ትሂድ» አለች። ያ ሁሉ ሠርገኛ የደብሪቱን ጠላ እንደያዘ ዝም አለ። ቢያድግልኝም ዝም አለ። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉ ሰዎች ያን ቀን እዚያ ቢኖሩ ያፍሩ ነበር።

አንጓች ተነሥታ፣ እስከዚያች ሰዓት አንቱ ስትለው ወደነበረው ባሏ ዞረች።

«አንተስ?» አለችው።

መሬት መሬቱን አየ።

ምላጩ ሳይመጣ ወጥታ ወደ ምንጯ ወረደች፤ ሠርገኛውም ተከተላት። ራሷን ውሃው ውስጥ ነክራ፣ ቋጠሮውን በጣቷ ከጫፉ ጀምራ እየፈታች፣ የተሰበረውን ጥርስ አውጥታ አለቱ ላይ አኖረችው። ጸጉሩ ራሱን በራሱ ታጥፎ ትከሻዋ ላይ ተኛ። «እምቢተኛ አልነበረም፤ ደግ እጅ አጥቶ ነው» ብላ፣ ራሷን ሳትከናነብ በሰው መሃል አልፋ ወደ አባቷ ቤት ሄደች ይባላል።

ከሳምንት በኋላ ቢያድግልኝ የእናቱን ሚዶ ይዞ ደጇ ቆመ፤ እዚያው ፊቷ ለሁለት ሰበረው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! አንጓች ስብርባሪውን አይታ፣ «ስጠይቅህ ሰብረኸው ቢሆን ዛሬ ቤትህ ነበርኩ» አለችና በሩን ዘጋችው። እሱም ስብርባሪውን ይዞ ወደ ምንጯ ወርዶ አለቱ ሥር ጣለው ይባላል።

ይህን የሰሙ የቆላ አምባ እናቶች፣ ሕጉ ካልተሻረ ልጅ አንድርም ብለው አደሙ። ሽማግሌዎቹም ሲጨንቃቸው ሻሩት። ከዚያ ወዲህ ሚስት የሚፈልግ ወንድ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት እናቱን ይዞ ወደ ምንጯ ይወርዳል፤ በሰው ፊት ሚዶ ይሰብራል። ሙሽራዋንም በውሃ አርሳ ጸጉሯን የምትሠራት የገዛ እናቷ ናት።

የዛሬ ጎረምሶች ሚዶውን እየተሳሳቁ፣ በስልክ ፎቶ እየተነሡ ይሰብሩታል። ለሠርጉ ደግሞ «ለፎቶ አይመችም» ብለው ሙሽራዋን ከተማ ይወስዱና የተጠቀለለ ጸጉሯን በጋለ ብረት ያስተኙታል። ታዲያ ምኑን ሰበሩት? ደሜ ይፈላል።

ከክምሩ ለብቻው፣ አለቱ ሥር፣ ለሁለት የተሰበረ፣ በዕድሜ የጠቆረ ሚዶ አለ። ማንም አይነካውም። ሽማግሌዎቹ እየሳቀ የሚመጣውን ሁሉ እዚያ ያቆሙትና፣ «ይህ የቢያድግልኝ ነው፤ ሰብሮታል፣ ግን ዘግይቶ» ይሉታል።