ለፋፊው ያላደረሰው ቃል

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ የኔታ ይኄይስ፤ እጃቸውን ሰድደውም የመኪናውን ሬዲዮ ዘጉት።

ትርሲት መሪውን እንደያዘች ዞር ብላ አየቻቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤታቸው የምታደርሳቸው እሷ ናት። ሜልቦርን ተወልዳ ያደገች፣ ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው፣ አሁን ደግሞ በሥራ ቀን ዋና ከተማው ካንቤራ፣ ፓርላማው ደጃፍ እየቆመች ለቴሌቪዥን ዜና የምትሠራ ልጅ ናት። ሬዲዮው የሳምንቱን ክርክር እየደገመ ነበር፤ ሁለት የፓርላማ አባላት ይዘላለፋሉ። አንዱ ሌላውን ውሸታም ይለዋል፣ ያኛው ፈሪ ብሎ ይመልሳል፣ አፈ ጉባኤው «ሥርዓት! ሥርዓት!» እያለ ይጮኻል። እሷም ታክቷት፣ «የኔታ፣ ይሄ ነገር በየዓመቱ እየባሰበት ነው። ሕዝቡ ጋዜጠኞቹ ናቸው ያበላሹት ይላል፤ እኛ ፖለቲከኞቹ ናቸው እንላለን፤ እነሱ ደግሞ ሕዝቡ የሚወደው ይሄንን ነው ይላሉ። እርስዎ ምን ይላሉ? ጥፋቱ የማን ነው?» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

«አንድ ገበሬ ነበረ አልኩሽ» አሉ ቆጣ ብለው። «መንገድሽን እያየሽ ስሚኝ።»

የዚህ ገበሬ እርሻ ከአንድ ትልቅ የአፈር ግድብ ሥር ነበረ። ግድቡን ያቆሙት የቀድሞ ሰዎች ናቸው። የክረምቱን ውኃ ይዞ በጋውን ሙሉ ከሥሩ ያሉትን መንደሮች ሁሉ ያጠጣል። ገበሬው ረጋ ያለ፣ ቁም ነገር የሚወድ፣ ሲናገር ቃሉን የሚመርጥ ሰው ነበር። አንድ ቀን በሬዎቹን ሊያጠጣ ሲወርድ ከግድቡ እግር የሚወጣውን ውኃ አየ። ድሮም ጥቂት ጥቂት ይወጣል፤ ግን ኩል የመሰለ ነበር። ያን ቀን ደፍርሷል። ጎንበስ ብሎ በእፍኙ ቢጨልፈው መዳፉ ላይ ጭቃ ቀረ። «ይሄ ግድብ ከውስጡ እየተበላ ነው» አለ በልቡ።

የዚያ አገር ሰው ጉዳዩን የሚመክረው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከገበያው ጎን ባለው ሜዳ፣ በሸንጎ ነው። ሸንጎው ሁለት ወገን ነበረው፤ የላይ አገር ሰዎችና የታች አገር ሰዎች። ገበሬው ስለ ላይ አገር ይናገራል። ስለ ታች አገር የሚናገረው ደግሞ አንድ ባለጸጋ ነበር፤ «ኑ» ቢል መቶ ሰው አካፋ ይዞ የሚከተለው። ሁለቱ በነገር ይከራከራሉ እንጂ አይጣሉም። እንዲያውም የገበሬውን ወንድ ልጅ ክርስትና ያነሣው ይኸው ባለጸጋ ነው።

ሩቅ መንደር ያለ ሰው ግን ሸንጎ አይመጣም። የተባለውን የሚሰማው ከለፋፊው ነው። ሸንጎው ሲበተን ለፋፊው በትሩን ይዞ ከመንደር መንደር ይዞራል፤ የሰማውን ያወራል፤ ሰዎቹም ያበሉታል፣ ያጠጡታል። ኑሮው ይኸው ነው።

ቅዳሜ ሲደርስ ገበሬው ተነሥቶ ያየውን ተናገረ። ባለጸጋውም አዳመጠውና፣ «የታች አገር ሰው አጨዳ ላይ ነው፤ እህሉ ሜዳ ላይ እያለ ሰው ማውጣት አልችልም። ነገሩ ግን ቀላል አይደለም። አጨዳው እንዳለቀ እንሥራ» አለ። ተከራከሩ፤ ተመካከሩ፤ «እስከዚያው ሕዝቡ ይስማው» ተባብለው ተለያዩ። ገበሬው ደስ ብሎት ቤቱ ገባ።

በማግስቱ አማቹ መንደር ሄዶ፣ «ስለ ግድቡ የተባለውን ሰማችሁ?» አለ።

«የምን ግድብ?» አሉት። «እኛ የሰማነው አንድ ሽማግሌ ከተቀመጡበት ሲነሡ ሱሪያቸው ተቀደደ ሲባል ነው። እውነት ነው እንዴ?»

የገበሬው ደም ፈላ። ለፋፊውን ፈልጎ አገኘው።

«አንተ ሰው፣ ስለ ግድቡ ያን ያህል ስንናገር የት ነበርክ?»

«እዚያው ነበርኩ ጌታው፤ አንድ ቃል አላመለጠኝም» አለ ለፋፊው። ክፉ ሰው አልነበረም። «በመጀመሪያው መንደር ስለ ግድቡ ተናገርኩ፤ አዛጉ። በሚቀጥለው ተናገርኩ፤ ‹ሌላ ወሬ የለህም?› ብለው ውኃ እንኳ ሳያቀምሱ ሸኙኝ። ከዚያ ወዲያ ባለው መንደር የሱሪውን ነገር ባወራ ዶሮ አረዱልኝ። እኔስ ሆድ የለኝም?»

ገበሬው ወደ ቤቱ ተመለሰ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አሻሽሎ ተናገረ። የደፈረሰውን ውኃ በቅል ቀድቶ አምጥቶ ለሸንጎው አሳየ። ለፋፊው ያን ቀን ይዞ የሄደው ሜዳው መሃል የተናከሱትን የሁለት ውሾች ወሬ ነበር። ገበሬው ደግሞ ተናገረ፤ ቃሉም ደግሞ ሜዳው ላይ ቀረ። ነገርን አስረድቶ መናገር ድንጋይ ላይ ውኃ ማፍሰስ ሆነበት።

አጨዳው አለቀ። ባለጸጋው ተነሥቶ፣ «ወገኔ ስለዚህ ግድብ የሰማው ነገር የለም። ያልሰማውን ሰው እንዴት ብዬ ውጣ እለዋለሁ? ውቂያው ይለፍ» ሲል የገበሬው ትዕግሥት ተሟጠጠ። ብድግ ብሎ፣ «አንተ ምን ታደርግ! እግዜር ሲፈጥርህ ሆድህን አስፍቶ ጆሮህን ረሳው!» አለው።

ሸንጎው ድንግጥ አለ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ሲያንቀላፋ የነበረው ለፋፊ ብንን ብሎ በትሩን አነሣና፣ ሸንጎው ሳይበተን ገሠገሠ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አገሩ ሁሉ «ሆዱን አስፍቶ ጆሮውን ረሳው» ይል ጀመር። የማያውቁት ሰዎች ገበሬውን መንገድ ላይ እያስቆሙ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ቤቱ ሲገባ ግን ሚስቱ፣ «ስለ ግድቡ ጠየቁህ?» አለችው።

«ይጠይቃሉ። መጀመሪያ ስሜን ይወቁት።»

«ልጃችንን ክርስትና ያነሣውን ሰው ነው የሰደብከው» አለችና ሥራዋን ቀጠለች።

ባለጸጋው የራሱ የልጅ ልጆች ስድቡን እንደ ዘፈን ሲሉት በጆሮው ሰማ። ልቡ ቆሰለ። ቅዳሜ ሲደርስ ተዘጋጅቶ መጣና፣ «ይሄ ሰው ግድብ፣ ግድብ የሚለው የራሱ አፍ ገደብ ስላጣ ነው» አለ። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ለፋፊው በዚያ ሳምንት ወፈረ።

ከዚያ ወዲያ ሸንጎው ሞላ። መጥቶ የማያውቅ ሰው ቆሎውን ቋጥሮ መምጣት ጀመረ። ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ እርሻው መሃል ይቆምና የሚሰድብበትን ቃል ለብቻው ይለማመዳል፤ በሬዎቹ ጅራፍ ቢጠብቁ የለም። ረጋ ብለው ይናገሩ የነበሩት ሽማግሌዎች፣ «ለዚህ የሚሆን ዕድሜ የለንም» ብለው ከሸንጎው ቀሩ። ግድቡን የሚያነሣው ሰው ጠፋ። ገበሬው ራሱ ቢያነሣውም ለስድቡ መንደርደሪያ እንዲሆነው ነበር። አንዳንድ ቀን ወደ ቤቱ ሲመለስ በራሱ ይናደዳል። ግን ደግሞ፣ «ዝም ብል ማን ይሰማኛል?» ይላል።

ክረምት ገባ። አንድ ጧት ገበሬው ግድቡ ላይ ቢወጣ፣ መሃሉ ላይ የሰው ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ አገኘ። ውኃው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ቅዳሜ ነበርና እየሮጠ ሸንጎው ደረሰ።

«ሰዎች፣ ግድቡ ተሰንጥቋል! አካፋ ያዙ! ከታች ያሉትም ሰውና ከብታቸውን ያውጡ!»

ሕዝቡ ፈገግ ብሎ ጠበቀ።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለ አንዱ። «ስለ ሆዱ በልልን እንጂ!»

«አጀማመሩስ ጥሩ ነው» አለ ሌላው።

ገበሬው በእግዜር ስም ማለ፤ ይበልጥ ሳቁ። አፉን በከፈተ ቁጥር እንዲስቁ ያስለመዳቸው እሱ ነው፤ ማንን ይቆጣ?

ባለጸጋው ተነሣ። የገበሬውን ፊት ሲያይ መጠርጠሩ አልቀረም። ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው አፉን አፉን እያየው ነው። «የተሰነጠቀውስ ያንተ አፍ ነው!» አለ። ሜዳው ተናወጠ።

ገበሬው መልስ ነበረው። ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ እስካሁን ከተናገረው ሁሉ የከፋ፣ ባለጸጋውን ዳግመኛ ከሰው ፊት የማያስቆም። ለፋፊው አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። ገበሬው ያን ቃል ዋጠው። ጎንበስ ብሎ ከእግሩ ሥር ትልቅ ድንጋይ አነሣ። ሰዉ ሊወረውረው ነው ብሎ ጮኸ። እሱ ግን ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ሜዳውን አቋረጠና ከባለጸጋው እግር ሥር ተንበረከከ።

«በድዬሃለሁ» አለ። «በሰው ፊት አዋርጄሃለሁ። ስለ ክርስትና ልጅህ ብለህ ማረኝ። ግድቡ ግን ተሰንጥቋል። እኔን አትመን፤ መጥተህ በዓይንህ እየው።»

ሜዳው ስድቡን ጠበቀ፤ አልመጣም። ከዚያ ማጉረምረም ተነሣ። «ምን ዓይነት ሸንጎ ነው ይሄ?» «ለዚህ ብለን ነው እንዴ ዝናብ የደበደበን?» እያለ ሰው ጋቢውን እየለበሰ መሄድ ጀመረ። ለፋፊውም በትሩን አነሣና፣ «ዛሬስ ምንም የለም» ብሎ እያዛጋ ወጣ።

ባለጸጋው ድንጋዩን በሁለት እጁ ከገበሬው ማጅራት አወረደለት። «ተነሥ» አለው። «ምራኝ።»

ሁለቱና አብረዋቸው የቀሩ ጥቂት ሰዎች ወጥተው፣ ውኃውን የሚያስተነፍስ ቦይ ከጎን መቆፈር ያዙ። ባለጸጋው በዚያ እርጅናው እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቆፈረ። መቶ ሰው ቢኖር ይበቃ ነበር። የነበሩት ጥቂት ናቸው። ቦዩ የውኃውን ግማሽ አስተነፈሰ፤ የቅርቦቹ መንደሮችም በዚህ ተረፉ። የቀረው ውኃ ግን በታች አገር በኩል ግድቡን ደርምሶ ወጣ። በመጨረሻው ዳር ላለው መንደር የሚነግር ሰው አልነበረም። የሚነግረው ለፋፊው ነበር፤ እሱ ደግሞ የሚወራ ነገር የለም ብሎ ቤቱ ገብቷል። መንደሩ ከነጎተራው፣ ከነከብቱ ሄደ። ሁለት አራስ ሴቶችና አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ እስከ ዛሬ አልተገኙም።

በማግስቱ ለፋፊው እዚያ መንደር ደረሰ። የተረፉት ጭቃ ውስጥ ቆመው ዕቃቸውን ይፈልጋሉ። ከአራሶቹ የአንዷ እናት ልብሱን ጨምድዳ ያዘችው።

«አንተ ቅዳሜ ቅዳሜ ሸንጎ ትውላለህ። ስለ ግድቡ አንድም ሰው አልተናገረም?»

«ተናግረዋል» አለ ለፋፊው። «ደጋግመው ተናግረዋል።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረን?»

ለፋፊው ወዲያ ወዲህ አየ። «ወሬው አይጥምም ነበር» አለ።

ሴትዮዋ አፈጠጠችበት። ከዚያ እጇ ላላና ልብሱን ለቀቀችው። እሷም በጋውን ሙሉ «ሆዱን አስፍቶ ጆሮውን ረሳው» እያለች ስትስቅ ነው የከረመችው።

የኔታ ተረቱን እዚህ ላይ ጨረሱ። መኪናዋ ቀይ መብራት ላይ ቆማ ነበር።

«እንግዲህ ልጄ» አሉ ወደ እሷ ዞረው፣ «ሸንጎው ያ ያንቺ ፓርላማ ነው። ለፋፊው አንቺና ባልደረቦችሽ ናችሁ። ዶሮውም አለቆችሽ ጧት ጧት ‹ስንት ሰው አየው?› እያሉ የሚያገላብጡት ቁጥር ነው። ያ የሚሳደበው ሰውዬም ከእናቱ ሆድ ሲሳደብ አልወጣም፤ ረጋ ብሎ ሲናገር የሰማው ስላጣ ነው። ያቺ ሴት ደግሞ ሲሰዳደቡ ድምፅ የሚጨምረው፣ ስለ ሕግ ሲያወሩ ጣቢያ የሚቀይረው ሕዝብ ናት።»

«ስለዚህ ጥፋቱ የሁላችንም ነው ማለት ነው?»

«ኧረ ተይኝ! የሁሉም ነው ካልሽ የማንም አይሆንም፤ ሁሉም ተደስቶ ቤቱ ይገባል። ‹ጥፋቱ የማን ነው?› አልሽኝ። ለፋፊውም ከዚያ በኋላ ይዞት የዞረው ይህንኑ ጥያቄ ነው፤ ገበሬው ነው፣ ባለጸጋው ነው እያለ ብዙ በላበት፤ ግድቡን ግን ማንም አልሠራውም። ገበሬው የራሱን ድንጋይ ተሸከመ። ያንቺስ ድንጋይ የትኛው ነው? እሱን ጠይቂ።» ቀጥለውም፣ «እስኪ በዚህ ሳምንት እዚያ ቤት ከስድቡ ሌላ ምን ተባለ?» አሏት።

ትርሲት አሰበች። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባውን ነፋባት።

«ስለ አረጋውያን መጦሪያ ቤቶች አንድ ሕግ ነበር» አለች መኪናውን እያንቀሳቀሰች። «ሁለቱም ወገን ተነጋግረው፣ ተስማምተው ነው ያሳለፉት።»

«ዜና ላይ አወጣችሁት?»

«አላወጣነውም የኔታ። ጠብ አልነበረውም።»

የኔታ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «እኔ የፊታችን ወር ከእነዚያ ቤቶች ባንዱ ልገባ ነው» አሉ። «እስኪ ሕጉ ምን ይላል?»

ትርሲት መኪናውን መንገድ ዳር አቆመች። ምን እንደሚል አታውቀውም ነበር።