በወንዝ ውሃ የታጠበው ካሮት

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሥጋ ብቻ ሳይሆን ጎመንም በሚገበያዩበት ዘመን፣ አንዲት አህያ ከወንዝ ዳር አነስ ያለች እርሻ ነበረቻት። ካሮት፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሥርና ጥቅል ጎመን፣ ዳር ዳሩን ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ትተክል ነበር። መድኃኒት አትረጭም፤ የፋብሪካ ማዳበሪያ ደጇ ደርሶ አያውቅም። መሬቷን የምታለማው በፍግና በላቧ ነው። በዚህም ትኮራ ነበር፤ ኩራቷም ያለ ምክንያት አልነበረም።

አንበሳ ጎመን ባይወድም ገበያውን ይወድ ነበርና፣ «በአትክልተኛ ላይ ጥርሱን ያሳረፈ ጥርሱ ይወልቃል» ብሎ አውጇል። አህያ የጅብ ጎረቤት ሆና በሰላም ውላ የምታድረው በዚህ አዋጅ ነው።

በዚያው ዓመት እማማ ኤሊ ትንንሾቹን አትክልተኞች ሁሉ ሾላ ዛፍ ሥር ሰብስባ ለሦስት ቀን ልታስተምር ተነሣች። እማማ ኤሊ ብዙ የኖረች፣ ብዙ በሽታ ያየች፣ ብዙም የቀበረች ናት። ጃርት መጣ፤ ከርከሮ መጣ፤ አህያም መጣች። አንዲት ቅጠል እንኳ ተክሎ የማያውቀው አያ ጅቦ፣ ምሳ አለ ሲባል ሰምቶ ከሁሉ ቀድሞ ተገኘ።

«ልጆቼ፣» አለች እማማ ኤሊ፣ «ትኩስ ፍግ ሰላጣ ላይ አታድርጉ፤ ከምራችሁ አቆዩት፣ በደንብ ይብሰል። ሆዱን ያመመው ምርት አይንካ። ጤነኛውም ቢሆን እጁን ሳይታጠብ አይልቀም። ካሮት የምታጥቡበት ውሃ ደግሞ ለገዛ ልጃችሁ የምታጠጡት ዓይነት ውሃ ይሁን። ካሮትና ሰላጣ እሳት አያያቸውም፤ ውሃው የሰጣቸውን በሽታ እንደያዙ ነው አፍ የሚገቡት።»

«ምሳው መቼ ነው?» አለ አያ ጅቦ።

አህያ ግን ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ፣ «እማማ፣ ይኼ ትምህርት መርዝ ለሚረጩት ነው። የኔ ማሳ መድኃኒት አይቶ አያውቅም። ምን ይበክለዋል?» አለች።

«ልጄ፣ በሽታ በጠርሙስ ብቻ አይመጣም። ከማሳሽ በላይ ወንዙ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ታውቂያለሽ?»

አህያ ታውቅ ነበር። ከማሳዋ በላይ ባለው መሻገሪያ አያ ጅቦ ያገኘውን በክት እየጎተተ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፋል፤ ሲለሰልስለት ይበላል፤ የተረፈውን ለወንዙ ይተወዋል። ንጹሕ ውሃ የሚገኘው ከኮረብታው ምንጭ ነው፤ እሱ ደግሞ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። አህያ ራሷን ነቀነቀች። ሦስቱንም ቀን ተቀምጣ አዳመጠች። በልቧ ግን «ይኼ እኔን አይመለከትም» እንዳለች ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ካሮቱ በደረሰ ጊዜ፣ ረቡዕ ዕለት፣ ምርቷን ለቅዳሜ ገበያ የሚረከባት ነጋዴው ቀበሮ መጣ። አፈር የለበሰውን ካሮት አየና ፊቱን አጨማደደ።

«እመት አህያ፣ ይኼን ማን ይገዛሻል? ገበያተኛ መጀመሪያ የሚያየው መልኩን ነው። ወንዙ እዚሁ ሥርሽ አይደለም እንዴ? እጠቢውና ያብረቅርቅ!»

«እማማ ኤሊ ለልጃችሁ በምታጠጡት ውሃ እጠቡ ብላለች፤ ያ ደግሞ የምንጩ ነው።»

«እማማ ኤሊ!» ብሎ ሳቀ ቀበሮ። «እሷ ምንጩ ጋ እስክትደርስ ካሮቱ ያብባል። ደግሞስ እጠቢው ነው ያልኩሽ፤ አቆሽሺው አላልኩሽም። ታጥቦ የቆሸሸ ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አነጋገሩ እውነት መሰላት። ምንጩን አሰበች፤ ጀርባዋን አሰበች፤ ከዚያ ወደ ወንዙ ወረደች። ውሃው ይሸት ነበር። «የሚፈስ ውሃ ምን ይይዛል» ብላ ራሷን አጽናናች። ካሮቱ አፈሩ ሲለቅለት አማረ፣ ደመቀም። ቀበሮ ስምንት ጆንያ ሞልቶ ወደ መጋዘኑ ወሰደ።

አህያ ከቀረው ውስጥ ለስላሳ ለስላሳውን መርጣ አንድ እቅፍ ይዛ ወደ ጥንቸል ቤት ሄደች። ጥንቸል በአረም ጊዜ አብራት ጎንበስ ብላ የምትውል፣ ክፉ ደጉን የምትካፈላት ጎረቤቷ ናት።

«ለልጆቹ ነው፣» አለቻት። «ታጥቧል፤ እንዲሁ ይብሉት።»

«እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፣» አለች ጥንቸል። አራቱ ልጆቿም እየተሻሙ በሉ።

ሐሙስ ዕለት አራቱም ሆዳቸውን ታመሙ። ትውከትና ተቅማጥ ያዛቸው። እማማ ኤሊ ደርሳ ውሃ አፈላች፤ ሲበርድ ጨውና ስኳር በጥብጣ በማንኪያ በማንኪያ ታጠጣቸው ጀመር። ሦስቱ ዓይናቸውን ገለጡ። ድንቡሼ የሚሏት የመጨረሻዋ ልጅ ግን ዓርብ ጠዋት ሞተች።

አንበሳ በዚያው ቀን ሸንጎ ጠራ። ቀበሮ ከሁሉ ቀድሞ ተነሣ።

«ጌታዬ፣ ምን ያመራምረናል? ረቡዕ ዕለት አያ ጅቦ በጥንቸል ደጅ ሲያልፍ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ልጆቹን በበክቱ ያሳመማቸው እሱ ነው።»

«ሐሰት ነው! ዝም ብዬ አላለፍኩም፣» አለ አያ ጅቦ ተቆጥቶ፣ «የሚበላ ነገር ካለ ብዬ ነው ያለፍኩት!»

«ይገደል!» አለ ከርከሮ። «ይገደል!» አለ ጃርትም። አያ ጅቦ ዙሪያውን ቃኘ፤ አንድም የሚከራከርለት ወዳጅ አጣ።

አህያ ከሸንጎው ዳር ቆማ ነበር። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ሲባል እየሰማች ነው ያደገችው፤ እናቷንም አክስቷንም ጅብ ነው የበላባት። ዛሬ ዝም ካለች ጅብ ይሞታል፤ ጥፋቷም አብሮት ይቀበራል። ቀበሮ ጠጋ ብሎ፣ «ዝም በይ፤ ነገ ገበያ ነው» አላት በጆሮዋ።

ስምንቱ ጆንያ ትዝ ያላት ያን ጊዜ ነው።

«ጅብ አይደለም፣» አለች ወደ መሐል ወጥታ። «እኔ ነኝ። ካሮቱን ከጅብ መሻገሪያ በታች አጠብኩት። ውሃው ሸቶኝ ነበር። እማማ ኤሊም ነግራኝ ነበር። ታጥቧል ብዬ በገዛ እጄ ለጥንቸል ሰጠኋት።»

ጥንቸል ቀስ ብላ ተነሣች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ድንቡሼ ‹እንዴት ያምራል› እያለች ነው የበላችው፣» አለች። ወደ አህያም ዞራ፣ «የቀረው ካሮት የት ነው?» ብላ ጠየቀች።

የራሷ ልጅ ሳትቀበር የሌላው ልጅ አሳሰባት። ስንት ተረት አውርቻለሁ፤ እንደዚህች ጥያቄ የከበደችኝ ግን የለችም።

«ቀበሮ መጋዘን ውስጥ ነው፣» አለች አህያ። «ስምንት ጆንያ ነው። ነገ ጠዋት ገበያ ይወጣል።»

ቀበሮ ሹልክ ሊል ሲል አንበሳ አገሳ፤ እግሩ ከመሬት ተጣበቀ።

«ጆንያዎቹን ማን ያምጣ?» አለ አንበሳ። «መንገድ ላይ የማይቀምስ እፈልጋለሁ።»

ጃርት አንገቱን ደፋ። ከርከሮ ካሮቱ ይገድላል እየተባለ እንኳ ምራቁን ዋጠ። ሊላኩ ከሚችሉት ሁሉ መሐል ካሮት የማይበላው አያ ጅቦ ብቻ ነበር። ሆዳሙ ጅብ ምግብ ታምኖ ሲላክ ይህ የመጀመሪያው ነው። ስምንቱንም ጆንያ አመጣ፤ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፈረና አንዲት ካሮት ሳትቀር ሁሉም ተቀበረ።

ከዚያ ወዲያ ጅብ በክቱን ከወንዝ እንዲያርቅ ታዘዘ፤ ቀበሮም ገበያ እንዳይረግጥ ተከለከለ። የአህያን ቅጣት አንበሳ ለጥንቸል ተወላት።

«ቅጣት ምን ያደርግልኛል?» አለች ጥንቸል። «የሰማችውን ትሥራ።»

አህያ ከዚያን ቀን ጀምሮ ምርት በተነሣ ቁጥር ኮረብታውን ትወጣለች፤ የምንጭ ውሃ በጀርባዋ ተሸክማ ትወርዳለች። እማማ ኤሊ አዲስ አትክልተኞች ስትሰበስብም አህያ ከፊት ቆማ ያደረገችውን ሳትቀንስ ትናገራለች። ጥንቸል ሰላምታ ነፍጋት አታውቅም። ካሮት ግን ከእጇ ተቀብላ አታውቅም፤ አህያም ይዛላት ሄዳ አታውቅም።

ከዚህ የምንማረው፣ የማሳችን ንጽሕና ምርታችንን ከውሃችንና ከእጃችን እድፍ እንደማያድነው፣ ጥፋቱን የሚደብቅ አምራችም የሚደብቀው ከዳኛ ሳይሆን ነገ ከሚበላው ልጅ መሆኑን ነው።